መንገድ የከዳት የሞሃቬዋ አምቦይ

የበረሃ ሹፌር (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ከረማችሁ። ከላስ ቬጋስ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ጭነት ሳመላልስ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ሁልጊዜ የምሄደው በኢንተርስቴት 15 ስለሆነ ከሞሃቬ በረሃ የማውቀው አስፋልቱንና ማደያዎቹን ብቻ ነበር። ባለፈው እሑድ ሥራ ስላልነበረኝ የራሴን መኪና ይዤ ቤከር ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍኩ። ኬልሶን አለፍኩ፣ ኢንተርስቴት 40ን ተሻገርኩ፣ የድሮው አውራ ጎዳና ሩት 66 ላይ ስደርስ ወደ ቀኝ ዞርኩ። አምቦይን ለማየት ነው።

ከተማዋን ከሩቅ የሚያሳውቀው «ሮይስ» የሚለው ማስታወቂያዋ ነው። ቁመቱ 50 ጫማ ያህል ነው፤ ቤቶቹ ገና ሳይታዩ እሱ ብቻውን ተገትሮ ይታያል። ሥሩ ስትደርሱ ማደያ አለ፣ ጣሪያው ሽቅብ ያዘመመ ባለ ሰፊ መስታወት የሞቴል ቢሮ አለ፣ ከኋላ በረድፍ የቆሙ ነጫጭ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። ማደያው ሱቅ ውስጥ አንድ ልጅ ለስላሳና ቲሸርት ይሸጣል። ሌላ ሰው አላየሁም።

ከክፍሎቹ በአንዷ መስኮት አጮለቅኩ። አልጋ የለም፣ መጋረጃ የለም። ግድግዳው ላይ ግን የአልጋው ራስጌ ተደግፎት የኖረው ቦታ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ቀርቷል። እዚያ ሥር ስንት ሾፌር፣ ስንት ቤተሰብ ተኝቶ እንዳለፈ ሳስብ ቶሎ መሄድ አቃተኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ታሪኳን ሳነብ አመሸሁ። አምቦይን የወለዳት ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 የአትላንቲክና ፓሲፊክ ምድር ባቡር መሐንዲስ ሉዊስ ኪንግማን በረሃውን ለሚያቋርጠው መስመር ጣቢያ ሲሰይም በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ስም አወጣ፦ አምቦይ፣ ብሪስቶል፣ ካዲዝ፣ ዳንቢ እያለ ይወርዳል። አምቦይ የመጀመሪያዋ ናት። በ1926 ሩት 66 ሲሰየም አውራ ጎዳናው በደጇ አለፈ። በ1938 ሮይ ክራውል የሚባል ሰው ማደያ ከፈተ፤ በኋላ ከልጁ ባል ከባስተር በሪስ ጋር ሆነው ጋራዥ፣ ካፌ፣ ሞቴል እያሉ አስፋፉት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካዊው ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ምዕራብ ሲጎርፍ ሮይስ ቀንና ሌሊት ክፍት ነበር። በደህናው ዘመን እስከ 70 ሠራተኛ ነበረው ይባላል። ያን ትልቅ ማስታወቂያ ያቆሙት በ1959 ነው።

በ1973 አዲሱ ፍሪዌይ ኢንተርስቴት 40 ተከፈተ። ያለፈው ከአምቦይ በስተሰሜን ነው፤ በመኪና ሃያ ማይል አይሞላም። ግን አንድ ሲኒ ቡና ለመጠጣት ብሎ ያን ያህል ወርዶ ያን ያህል የሚመለስ ሾፌር ከየት ይመጣል?

ልቤን የነካኝ ይህ ነው። ጦርነት አልደረሰባትም፣ እሳት አልበላትም፣ ሰዎቿ ሥራቸውን አላጎደሉም። አንድ ቀን ጠዋት መኪናው ቀረ፣ በቃ። እንዲህ ያለ ከተማ የምታውቁ፣ በተለይ ሀገር ቤት ያያችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ፌርፋክስ ሰፈር

ወንድም ዓለም፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። ሁሉንም ፍሪዌዩ ላይ መጫን ግን ልክ አይመስለኝም። እኔ ሎስ አንጀለስ 22 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ያንን መንገድም ደጋግሜ ነድቼዋለሁ።

መጀመሪያ ባቡሩን አስብ። ያኔ ባቡሩ በእንፋሎት ነበር የሚሄደው፤ እንፋሎት ደግሞ ውኃ ይፈልጋል። በየጥቂት ማይሉ ጣቢያ የተደረደረውም ለዚያ ነው። ናፍጣ የሚበላው ሎኮሞቲቭ ሲመጣ መቆሙ ቀረ። ዛሬም የጭነት ባቡሩ በአምቦይ ቀን ከሌት ያልፋል፤ ከመቶ በላይ ፉርጎ ይጎትታል፤ አንዱም አይቆምም።

መኪናውም እንደዚያው ነው። በ1940ዎቹ ሞሃቬን የሚያቋርጥ ሰው በሸራ ከረጢት ውኃ ሞልቶ ከፊት መከላከያው ላይ ያንጠለጥል ነበር። ራዲያተሩ ይፈላል፣ ጎማው ይፈነዳል፤ ብዙዎች ሙቀቱን ሽሽት የሚነዱት በሌሊት ነበር። ለእንዲህ ያለ መንገደኛ አምቦይ የነፍስ ጉዳይ ናት። በ1970ዎቹ ግን መኪናው ኤርኮንዲሽን አለው፣ ታንከሩም ብዙ ይይዛል። ፍሪዌዩ ባይመጣ እንኳ ግማሹ ሰው ሳይቆም ማለፉ አይቀርም ነበር። 1973 ያለቀ ነገር ላይ የተመታ ማኅተም ነው ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ካላነበብከው ትደነቃለህ። በ1963 የፍሪዌዩንና የባቡሩን መስመር ለማሳጠር በብሪስቶል ተራሮች ውስጥ መተላለፊያ በኒውክሌር ፈንጂ ለመቁረጥ ታቅዶ ነበር። 22 ፈንጂዎች! የባቡር ኩባንያው፣ የካሊፎርኒያ መንገድ መሥሪያ ቤትና የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽኑ አብረው ነው ያጠኑት። ኋላ ተተወና ተራራው በተለመደው መንገድ ተቆረጠ። አምቦይ ከዚያ ተራራ በስተደቡብ ናት። እዚያ ካፌ ውስጥ ቡና ይቀዱ የነበሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ሜላት

የበረሃ ሹፌር፣ ስላካፈልከን እግዜር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ አለኝ። ያን ሁሉ ሰው ያጠጣው ውኃ ከየት ነበር? እዚያ ወንዝ አለ እንዴ? አሁንስ ከተማዋ የማን ናት?

የበረሃ ሹፌር

ሜላት እህቴ፣ ወንዝ የለም። ከከተማዋ በስተደቡብ ብሪስቶል የሚባል የደረቀ ሐይቅ አለ፤ ከሩቅ ውኃ ይመስላል፣ ስትቀርቢው ጨው ነው። ሜዳው ላይ ረጃጅም ቦዮች ተቆፍረዋል። ከሥር የሚወጣው ጨዋማ ውኃ ቦዩ ውስጥ ፀሐይ እየመታው ይተናል፣ የሚቀረው ካልሲየም ክሎራይድ ይሸጣል። አቧራ ለማስተኛትና በብርዱ ወራት መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ ይጠቀሙበታል። ይህ ሥራ ዛሬም አለ። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ እንዲህ ስለሆነ ለመጠጥ አይሆንም፤ የሚጠጣው ውኃ በባቡር ታንከር ነበር የሚመጣው።

መብራቱንም በሪስ ራሱ ከባርስቶ ድረስ ምሰሶ እያቆመ በአሮጌ ስቱድቤከር ፒክአፕ ሽቦ ዘርግቶ እንዳስገባ ይነገርለታል። ከባርስቶ እስከ አምቦይ ከ70 ማይል በላይ ነው። እኔ መንገዱን ነድቼው ሳየው ዝም ብዬ ምሰሶ መቁጠር ጀመርኩ።

ባለቤቱን በተመለከተ፣ በሪስ ከፍሪዌዩ በኋላም ከ20 ዓመት በላይ እዚያው ቆየ፣ በ2000 አረፈ። ሚስቱ ቤሲ ከተማዋን በ2005 ለአልበርት ኦኩራ በ425,000 ዶላር ሸጠችለት። ኦኩራ ሁዋን ፖዮ የሚባሉት የዶሮ ምግብ ቤቶች ባለቤት ነበር። ቤቶቹን ለማደስ ቃል ገብቶ ማደያውን በ2008 ከፈተው፣ የማስታወቂያውንም መብራት በኅዳር 2019 መልሶ አበራው። በ2023 እሱም አረፈ። ሞቴሉ እኔ ባለፈው እሑድ እንዳየሁት ባዶ ነው።

ኤንትሬ

ልጄ የበረሃ ሹፌር፣ ጽሑፍህን የልጅ ልጄ አሳየችኝ፤ የምለውንም እሷ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ በአሰብ መስመር 19 ዓመት ነድቻለሁ። ከረዳትነት ጀምሬ ኋላ በፊያት 682፣ እኛ ኤንትሬ የምንለው መኪና፣ ከነተሳቢው። ሀገር ቤት እንዲህ ያለ ከተማ አለ ወይ ብለሃል። አለ።

ኮምቦልቻን ወርደህ፣ ባቲን አልፈህ፣ ሚሌ ላይ እራት በልተህ በሌሊት ነው የምትነዳው። ቀን አይቻልም፤ መሪው ራሱ እጅ ያቃጥላል። ከሰርዶ በኋላ ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ ከዚያ አሰብ። እነዚህን ስሞች የዛሬ ልጅ አያውቃቸውም። ያኔ ሀገሪቱ የምትበላው እህል፣ የምትነዳው ነዳጅ፣ የምትለብሰው ጨርቅ ሁሉ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። ማንዳ ላይ ጎሚስታ ነበር፣ ሻይ ቤት ነበር፣ ፓስታ የምትሠራ የወሎ ሴት ነበረች። ቤቷ ቆርቆሮና ሰሌን ነው። ደጁ ላይ ጠፍር አልጋ ደርድራ ለሾፌር ታከራያለች። ንፋሱ አሸዋ ይዞ ስለሚመጣ ፎጣህን አርሰህ ፊትህ ላይ ጣል አድርገህ ትተኛለህ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንመጣ ከሩቅ የምናየው የእሷን ፋኖስ ነው። ያቺን ፋኖስ ያየ ረዳት ከእንቅልፉ ይነቃል።

በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ቡሬ ላይ ተቆረጠ። መኪናው ሁሉ ዲቾቶ ላይ ወደ ጋላፊ ዞረ፣ ወደ ጅቡቲ። ዲቾቶ ላይ መሪህን ያዞርክ ለት ማንዳን ለዘለዓለም እንደተለየሃት አታውቅም። የኛ ሰው ደህና ሁኝ እንኳን አላላትም። የመጨረሻ ጊዜ ሳልፍ የሁለት ቀን የሻይና የእንጀራ ዕዳ ነበረብኝ፣ በመመለሻዬ እከፍላለሁ ብያት ነበር። ጭነት አውርጄ ስመለስ በሌሊት ተኝታ ስለነበር አልቀሰቀስኳትም፣ በሚቀጥለው ብዬ አለፍኩ። የሚቀጥለው አልመጣም።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት በቴሌቪዥን ሳይ አለቀስኩ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። አፋሩ አልሄደም። ፍየሉንና ግመሉን ይዞ ከመንገዱ በፊትም ነበረ፣ ከመንገዱ በኋላም አለ። ለቅቀን የሄድነው ከመንገዱ ጋር የመጣነው ነን።

የበረሃ ሹፌር

ጋሼ፣ እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አፋር ያሉት ነገር አምቦይም ላይ እውነት ነው። ባቡሩ ሳይመጣ የቼምዌቪ ሕዝብ በዚያ በረሃ ይኖር ነበር፤ ምንጭ የት እንዳለ ያውቃል፣ ከምንጭ ምንጭ ይሄዳል። ጨው ሜዳ ዳር ከተማ የሚቆረቁረው ውኃ በባቡር የሚያስመጣ ሰው ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ሴትየዋን ኋላ አግኝተዋት ያውቃሉ?

የከዚራ ልጅ

አባባ ኤንትሬ፣ የኔ አባት፣ አስለቀሱኝ።

እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ነው ያደግኩት፣ የእናቴ እናት ግን የኤረር ናት። ፌርፋክስ ሰፈር ስለ ባቡሩ ያልከው ልክ ነው፤ እኛ ቤት የደረሰ ነገር ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። መስመሩ ከጅቡቲ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከባድ ስለነበር በ1902 ከሥር ሜዳው ላይ ቆመና ከተማ ሆነ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር። በመካከል አይሻ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ ሌሎችም፤ ባቡሩ ሁሉም ጋ ይቆማል።

አያቴ ኤረር ጣቢያ ላይ ብርቱካን ትሸጥ ነበር። በሰፌድ አድርጋ ወደ መስኮቱ ከፍ ታደርጋለች፣ ገንዘቡ ከላይ ይወርዳል። ባቡሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ የሚከፍል አለ፣ ሳይከፍል የሚሄድም አለ። ባቡሩ ሲጮህ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይነሳል፤ እናቴ ድሬ ከመጣች በኋላ እንኳ ፉጨት ስትሰማ ከተቀመጠችበት ብድግ ትል ነበር።

አሮጌው ባቡር እያረጀ፣ እየተቆራረጠ ሄዶ ቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ። ጥሩ ነገር ነው፣ ሀገር ይጠቅማል፣ አልቃወምም። ግን እንደ ድሮው በየጣቢያው አይቆምም። የድሬው ጣቢያ ራሱ ከከተማው ውጭ ነው። ስለዚህ አምቦይ ላይ መንገዱ ርቆ ሄደ ስትል፣ ርቀቱ ላይ አልስማማም። በአያቴ ሰፈር በኩል ዛሬም ባቡር ያልፋል። ሰፌዱን ከፍ የምታደርግበት መስኮት ነው የጠፋው።

የአሪዞና እንግዳ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ፊኒክስ ነኝ። ክርክሩ ጥሩ ነው፣ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ላምጣ። እዚያው ሩት 66 ላይ አሪዞና ውስጥ ሴሊግማን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በመስከረም 1978 ኢንተርስቴት 40 ሲከፈት ትራፊኩ በአንድ ቀን ነው የቀረባት። አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ኤንጅል ደልጋዲዮ፣ ዝም ብሎ አላየም። በ1987 ከጎረቤቶቹ ጋር ማኅበር መሥርተው ግዛቱ መንገዱን ታሪካዊ ብሎ እንዲሰይመው አደረጉ። ዛሬ አውቶቡስ ሙሉ ቱሪስት እየመጣ ፎቶ ይነሳል፣ ይበላል፣ ያድራል። ስለዚህ መንገድ ሲሄድ ከተማ የግድ አይሞትም።

ፌርፋክስ ሰፈር

የአሪዞና እንግዳ፣ ሴሊግማንን አውቃታለሁ፣ የሰውየውን ሥራም አከብራለሁ። ግን ሁለቱን ማወዳደር ይከብዳል። ሴሊግማን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፣ አየሩ ይሻላል፤ ከፍሪዌዩም ሁለት ደቂቃ ነው። ብዙ ቤተሰብ አለ፣ ሁሉም የየራሱ ሱቅ አለው። አምቦይ ግን የአንድ ቤተሰብ ንብረት ናት ማለት ይቻላል። ማደያውም፣ ካፌውም፣ ሞቴሉም የአንድ ሰው ሲሆን ማኅበር ከማን ጋር ትመሠርታለህ? በሪስ ሲያረጅ ከተማዋ አረጀች። ትምህርት ቤቷም በ1990ዎቹ መጨረሻ ተዘጋ።

መንገዱም ራሱ ችግር አለበት። ሩት 66 በዚያ በኩል የሚሻገረው ከመቶ በላይ በሆኑ የእንጨት ድልድዮች ነው፤ ብዙዎቹ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያሉ ናቸው። ክረምት ላይ ጎርፍ ሲመጣ ይጠራርጋቸዋል። ከአምቦይ በስተምሥራቅ መንገዱ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየባቸው ቦታዎች አሉ። ቱሪስቱ ቀጥ ብሎ ማለፍ ካልቻለ ሱቅ ማን ይከፍታል?

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በሐምሌና በነሐሴ አትሞክሩት። ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፣ ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም። ውኃ በብዛት ያዙ። ከከተማዋ አጠገብ ያለውን የአምቦይ እሳተ ገሞራ መውጣት የምትፈልጉ ጠዋት በማለዳ ውጡ፤ ጥቁር ድንጋዩ ሙቀቱን ይይዛል።

ሜላት

ዳሎልም ትነሳ እንጂ! ለፖታሽ የተሠራው የድሮ ካምፕ ግድግዳው የጨው ድንጋይ ነው፤ በፎቶ አይቼዋለሁ። መንገድ ዳር ስላልሆነች ጉዳዩ ይለያል፣ ግን ስታነቡ ትዝ ትበላችሁ።

ኤንትሬ

ልጄ፣ ሴትየዋን አገኘኻት ወይ ብለሃል። አላገኘኋትም። ሎጊያ ሄዳ ሆቴል ከፈተች ያለኝ ሾፌር ነበር። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሎጊያና ሰመራ ያደጉት መኪናው ወደ ጅቡቲ ሲዞር ነው። ሁለት ጊዜ ሎጊያ ስገባ ጠይቄ ነበር፤ የማንዳዋ እያልኩ። የማንዳ ሰው ብዙ ነበር፣ እሷ ግን አልነበረችም።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ያ ትልቁ ማስታወቂያ መብራቱ በርቷል ብለሃል። ማታ ከምን ያህል ርቀት ይታያል?

የበረሃ ሹፌር

ጋሼ፣ ባለፈው የሄድኩት በቀን ስለነበር መልስ አልነበረኝም። ትናንት ለዚሁ ብዬ ተመልሼ ሄድኩ። ፀሐይ ከገባች በኋላ የኬልቤከር መንገድ ከሩት 66 ጋር የሚገናኝበት ጋ ቆምኩ፣ መብራቴን አጠፋሁ። ከአምቦይ ስድስት ማይል ገደማ ነው። ሜዳው ሁሉ ጨለማ ነው፣ ቤት የለም፣ መኪና የለም። ወደ ምዕራብ ስዞር አንዲት ቀይ ነጥብ መሬቱ ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ የሚሄድ መኪና የኋላ መብራት መስሎኝ ጠበቅኩ። አልተንቀሳቀሰችም።

ወደ እሷ ነዳሁ። ሥሯ ስደርስ ማደያው ተዘግቷል፣ የሞቴሉ በር ተቆልፏል፣ መብራቱ ግን አስፋልቱን አቅልቶታል። ሞተሩን አጥፍቼ ከመኪናው ወርጄ ቆምኩ። የጭነት ባቡር መጣ፤ አራት ሎኮሞቲቭ ከፊት፣ ከዚያ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ። አልፎ እስኪያልቅ ብዙ ደቂቃ ፈጀ። ፎቶውን ከዚህ በታች ለጥፌዋለሁ፣ የልጅ ልጅዎ ታሳይዎ።

ኤንትሬ

አየሁት ልጄ። ያምራል። የማንዳዋ ፋኖስ ቢጫ ነበረች፣ መስታወቷም ባንድ በኩል ተሰንጥቆ በፕላስተር ታስሮ ነበር። ከሩቅ ስናያት የምትርገበገበው ለዚያ ነበር።